ከጅጅጋ ጎንደር

አባቴን ከጅጅጋ ወደ ጎንደር የማድረሱ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። እናታችን ካረፈች በኋላ ጉልበቱ ከዳው፤ ብቻውን መኖር አልቻለም። ጎንደር ያለችው ታላቅ እህቴ ቤቷ ሰፊ ስለሆነ አንድ ክፍል አሰናዳችለት። እኔ የማስተምረው ደብረ ብርሃን፣ የምኖረው ጠባብ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። "መሀል ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ አምጪልኝ" አለችኝ።

ስልኬ ላይ ሳየው ቀላል ነበር። ቀጥታ በረራ ባይኖርም ከጅጅጋ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ከዚያ ጎንደር ሌላ አንድ ሰዓት ይላል። ይህን ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ርቀትን የሚያውቀው የት እንዳደረና ጎማ የት እንደቀየረ እያስታወሰ ነው።

"ጎንደር ለምሳ? ተይኝ እስቲ" አለ።

ጅጅጋ ሄጄ አደርኩና በማግስቱ ይዤው ወጣሁ። ፍተሻው ላይ ጫማ አውልቅ፣ ቀበቶ ፍታ አሉት። ጎንበስ ማለት ስለማይችል ተንበርክኬ አወለቅኩለት፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ተንበርክኬ አሰርኩለት። አውሮፕላኑ ውስጥ መንገዱን ከላይ ለማየት መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ያየው ደመና ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ስንደርስ የጎንደሩ በረራ በአየር ጠባይ ምክንያት ዘግይቷል ተባለ። ጠበቅን። ሽንት ቤት ወሰድኩት፣ መለስኩት፣ ደግሞ ወሰድኩት። ከሰዓት በኋላ በረራው ለነገ ተላለፈ። አባቴ የብረት ወንበሩ ላይ ጎብጦ ተቀመጠ።

"ደብረ ብርሃን ከዚህ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ ቆይቶ።

"መንገዱ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት አይሞላም።"

"እንግዲያው እዚያ ውሰጂኝ።"

"አባዬ፣ ነገ ጠዋት እኮ እንበራለን። እትዬ ክፍል አዘጋጅታ..."

"አውቃለሁ። ደክሞኛል ልጄ።"

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ለቁጣም አቅም አጣሁ። እህቴ ጋ ደወልኩ።

"አንቺ ነሽ ያባበልሽው?" አለች።

"እትዬ ሙች፣ እኔ አይደለሁም።"

"እስቲ ስጪኝ እሱን።"

ስልኩን ተቀበለኝ። "አትቀየሚኝ። መምጣት ጠልቼ አይደለም፤ ጉልበቴ እዚህ ላይ አለቀ" አላት። ስታለቅስ ከስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

መኪና ተኮናትረን ወጣን። መንገዱን ሙሉ ተኛ። ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ ቀሰቀሰውና አንገቱን ጋቢው ውስጥ ቀበረ።

"ይሄን ብርድማ አውቀዋለሁ። ጭነት ይዤ ጣርማ በርን ስወጣ እዚህ ሻይ ሳልጠጣ አላልፍም ነበር" አለ።

አልጋዬን ለቀቅኩለትና ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ።

"ለሳምንት ነው" ብሎኝ ነበር። ሳምንቱ ሲያልፍ ስለ ጎንደር ያነሳም የለም። በኋላ እህቴ ራሷ በአውቶቡስ መጣች፤ የገዛችለትን ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክማ። ጥቂት ቀን አብራን ሰነበተች። ልትሄድ ስትል ጉልበቱን ስማ፣ እኔን አቀፈችኝ።

እስካሁን ከእኔ ጋር ነው። አንዳንድ ቀን ከክፍል ስመለስ በሩን ሳልከፍት ደረጃው ላይ ትንሽ እቀመጣለሁ። ከውስጥ ሬዲዮው ይሰማኛል፤ አባቴም ያስላል። ከዚያ ተነስቼ እገባና እራት አቀርባለሁ።