ወለሉ የዋጠው ውሃ

በጦርነቱ ጊዜ እኔና ልጄ ከቆቦ ስንሸሽ ባለቤቴ ቤት ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ስንመለስ እሱ በሕመም አርፏል፤ የአናጢነት ዕቃውም ከጓሮው ክፍል የለም። ተዘርፏል ብለን ተቀመጥን። ሙያውን የወረሰው ልጄ "በባዶ እጄ ምን ልሥራ?" ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ዘንድሮ ክፍሉን ልብስ ማጠቢያ ላደርገው ብዬ የቧንቧ ሠራተኛውን ሰይድን ጠራሁ። የውሃ መውረጃው ክዳን ላይ ተከራከርን።

"አይጥ እንዳይገባ ብረት ይሁን" አልኩት።

"እትዬ፣ የቆቦ አይጥ ብረትም ይበላል!"

ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት፣ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ሊያይ አንድ ባልዲ በአፈሩ ወለል ላይ ደፋ። ውሃው ወደ በሩ ይወርዳል ስንል መሃል ላይ ሰመጠ።

"ያ አላህ! ይሄ ተቆፍሮ የተሞላ ነው" ብሎ ዶማውን አነሳ።

በላስቲክ የተጠቀለለ ሣጥን ወጣ። የባለቤቴ መጋዝ፣ መላጊያና መሮ ዘይት ተቀብተው፣ ዝገት ሳይነካቸው ተኝተዋል። እመብርሃንን ጠርቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሰይድ የመጋዙን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰና፣ "እትዬ፣ ይህን የመሰለ ዕቃ እያለ ልጅዎ ምን ፍለጋ ሄደ?" አለኝ።