ስዕል የሌለበት የስዕል ትምህርት

ያሰሩኝ ከክፍል ስወጣ ነው። ጠመኔ የነካ እጄን እንኳ አልታጠብኩም። ዓርብ ዕለት ሰዎች ለተቃውሞ ከመስጊድ ይዘውት የወጡት ጨርቅ ላይ ያለው ጽሑፍ የአንተ የእጅ ጽሑፍ ነው አሉኝ። ልክ ናቸው፣ የእኔ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የስዕል መምህር ነበርኩ፤ ፊደል አሳምሬ እጽፋለሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ አሥራ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ቢጫ የተቀባው ግድግዳ ወይቧል፤ አየሩ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በዚያች ትገባና ወለሉ ላይ ጥቂት ትቆያለች።

ክፍሉ አንድ ልማድ ነበረው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው የሚያውቀውን ያስተምራል። ሹፌሩ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ አስተምሮናል፤ ነርሱ ስለ ኩላሊት። በሦስተኛው ሳምንት ተራው የእኔ ሆነ።

"ምን ታስተምረናለህ፣ መምህር?" አለኝ ከጎኔ የሚተኛው ዲያቆን።

"የአውሮፓ ስዕል እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ። ከቢዛንታይን እስከ ባሮክ።"

ሳቁ። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ።

ጥግ የያዙት ሼህ ግን አልሳቁም። ከወሎ የመጡ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ከሁለት ቀን በፊት ከምርመራ ሲመለሱ ሁለት ሰዎች ደግፈው ነበር ያስገቧቸው። ከዚያ ወዲህ እግራቸውን ከጋቢያቸው ሥር አላወጡም፤ ነርሱ እንዲያይላቸው ሲለምናቸውም እምቢ ብለዋል።

"የሰው ስዕል ለእኛ ምን ይረባናል?" አሉኝ። "አንተም እኮ ሙስሊም ነህ።"

"እንዴት እንደሚታይ ነው የማስተምረው፣ ሼኽዬ። እንዲሰገድለት አይደለም።"

"በል እንስማህ።"

ወረቀት ስላልነበረኝ በሰው ሣልኩ። ዲያቆኑንና ሁለት ሌሎችን ቢጫው ግድግዳ ሥር ጎን ለጎን አቆምኳቸው። "ፊት ለፊት እዩ፣ እንዳትንቀሳቀሱ። ቢዛንታይን፣ የጥንቱ የግሪኮች የቤተ ክርስቲያን ስዕል፣ ይህ ነው። ከኋላ ወርቅ ነው። ጥላ የለም፣ ቦታ የለም፣ ሰዓት የለም። ቅዱሱ የቆመው ምድር ላይ አይደለምና።"

"የእኛም እንዲሁ ነው" አለ ዲያቆኑ ሳይንቀሳቀስ። "ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።"

ቀጥዬ ሹፌሩን ጀርባውን ሰጥቶን እንዲቀመጥ አደረግኩት። በኋለኛው ዘመን ጣልያን አገር የነበረ ሠዓሊ ሰውን እንዲህ ከጀርባው ለመሣል ደፈረ፤ ፊቱ ባይታይም ሐዘኑ ከትከሻው ይታወቃል አልኳቸው። ሹፌሩ ትከሻውን ጣል አደረገ። ማንም አልሳቀም። እሱ ከታሰረ በኋላ ሚስቱ እንደወለደች ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ የተጠቀለሉትን ፍራሾች ከበሩ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ በሁለት ረድፍ ደረደርናቸው። በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ላያቸው ሰው፣ ረድፎቹ እየራቁ ሲሄዱ የሚቀራረቡ ይመስላሉ። ሬኔሳንስ የሚሉት የህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች ይህን በመስመር ለክተው፣ ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ሰው የሚገባበት የሚመስል ክፍል ሣሉ። ሁሉም ተራ በተራ አየ። ነርሱ ሁለቴ ተመለሰ።

"ቀለም በእንቁላል አስኳል ሲበጠበጥ ቶሎ ይደርቃል" አልኩ። "በኋላ በተልባ ዘይት መበጥበጥ ለመዱ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ብርሃንና ጥላውን አለሳልሶ ማዋሃድ ተቻለ።"

ሼሁ ቀና አሉ። "ተልባ? እኛ የምንዘራው ተልባ?"

"እሱው ነው።"

"ወላሂ! አባቴ ሙሉ ማሳ ተልባ ነበረው። ፈረንጅ በዚህ ሰው ይሥልበታል ብሎ ማን በነገረው!" ፈገግ ሲሉ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የቀረኝ ከህዳሴ በኋላ የመጣው ባሮክ ነው። ፀሐይዋ በመስኮቷ ገብታ ወለሉ ላይ አርፋለች። ባሮክ ክፍሉን ያጨልምና ከአንድ ወገን ብርሃን ይለቃል አልኳቸው። ብርሃኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ንጉሥ ብቻ አይደለም፤ የተሸበሸበ ሽማግሌም፣ እግሩ አቧራ የለበሰ መንገደኛም ያስቀምጣል።

"ማን ይቀመጥልኝ?"

"እኔ" አሉ ሼሁ።

ዲያቆኑና ሹፌሩ ደግፈው አመጧቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጋቢውን ከእግራቸው ላይ ገለጡት። ውስጥ እግራቸው አብጦ ጠቁሯል። ብርሃኑ እዚያ ላይ አረፈ።

በሩ ተከፈተና ጠባቂው ብቅ አለ።

"ስብሰባ ነው?"

"ትምህርት ነው" አልኩ።

"የምን?"

"የስዕል።"

ዙሪያውን ቃኘ። "ስዕሉ የታለ?"

"ይኸው" አሉ ሼሁ። እግራቸውን አልሸፈኑም። "ግባና እይ፣ ልጄ።"

አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። "ተበተኑ" አለ በቀስታ፣ በሩንም ዘጋው። ከቦታው የተነሳ ሰው አልነበረም። ብርሃኑ ከሼሁ እግር አልፎ ግድግዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ ተቀምጠን አየን።

በማግስቱ ተጠራሁ፤ ስምንት ቀን ብቻዬን ዘጉብኝ። ስመለስ ዲያቆኑ አዲስ ለገቡ ሁለት እስረኞች ትምህርቱን ከመጀመሪያው ደግሞላቸዋል። ተልባው ላይ ሲደርስ ያስረዱት ሼሁ ራሳቸው ነበሩ አሉኝ።

ከተፈታሁ በኋላ ተሰደድኩ፤ አሁን ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። የምንኖረው ሃውገንስቱዋ የሚባል ሰፈር ነው። እዚህ የተወለደችው ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ለፈተና ታጠና ነበር።

"አባ፣ ሰኞ ፕሮቨ አለብኝ። ሬኔሳንስና ባሮክ ተምታተውብኛል። አንተ ደግሞ አታውቀውም።"

መብራቱን አጥፍቼ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳትና ማስረዳት ጀመርኩ። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

"ይሄን የት ተማርከው?"

"የተማርኩበትን ተይው፤ ያስተማርኩበትን ልንገርሽ" አልኳት። እስከዚያ ቀን የምታውቀው ታስሬ እንደነበር ብቻ ነው።

ሰምታ ስትጨርስ "ፈርተህ ነበር?" አለችኝ።

"በሩ ሲከፈት፣ አዎ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ ሼሁን አየኋቸው።"

ሰዎች ያንን ጊዜ የባከነ ዕድሜ ይሉታል። አልከራከራቸውም። ከመታሰሬ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባለቀለም መጽሐፍ ይዤ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼ ደወሉን ይጠብቁ ነበር። ትምህርቴ ባላለቀ ብለው የተመኙት እነዚያ አሥራ ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው።