እስከ ወንዶች ክፍል በር

መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። ደብረ ታቦር ገበያ ልብስ እሰፋለሁ፤ ያን ቀን ጋቢ ደርቤም ከስፌት መኪናዬ ላይ እየተንቀጠቀጥሁ ዋልሁ። ማታ ባለቤቴ አያሌው ሚኒባሱን ከሐሙሲት ነድቶ ሲመለስ እሱም እያሳለ ገባ። ጉንፋን ነው ተባባልን። ዝንጅብል አፍልተን ጠጣን። ከጥቂት ቀን በኋላ ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃተኝ፤ ከንፈሬም ጠቆረ። ታናሽ እህቴ የሺ፣ ከኩዌት ከተመለሰች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ሁለታችንንም በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችን።

«ከባድ ኒሞኒያ ነው፤ ሁለቱም ሳንባዎ ተይዟል» አለኝ ሐኪሙ። ኦክስጅን አደረጉልኝ። አያሌውን ወደ ወንዶች ክፍል ወሰዱት። ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አየር እስባለሁ፤ አይገባም። ከጎኔ የተኛችው ሴት ሞተች። አልጋዋን ጠርገው ሌላ አስተኙበት።

ትኩሳቱ ሲለቀኝ በሽተኛን እንቅስቃሴ የሚያሠራው ፊዚዮቴራፒስት መጣ። ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። «አሁን ብዙ መተኛት ሳንባዎንም ጡንቻዎንም ይጎዳል፤ ቀስ ብለን እንነሳለን» አለኝ። አየር በአፍንጫ ስቦ፣ ከንፈርን ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው አሹሎ ቀስ ብሎ ማውጣትን አስተማረኝ። የኦክስጅን መለኪያውን ጣቴ ላይ ሰክቶ ከአልጋው ጫፍ አስቀመጠኝ። ዞረብኝ። እግሬ የኔ አልመስል አለኝ።

«አያሌውስ?» እላለሁ የሺን።

«ደህና ነው። በእግርሽ መሄድ ስትችዪ ታዪዋለሽ» ትለኛለች።

በዚህ ተስፋ ተነሳሁ። ወንበር ይዤ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፌ መራመድ ጀመርሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ ይበቃል ሲለኝ ትንሽ ልጨምር እላለሁ። አንድ ጠዋት የሺ ምግብ ልታመጣ ስትወጣ፣ እየቆምሁ እያረፍሁ ኮሪደሩን ጨርሼ ከወንዶች ክፍል በር ደረስሁ። አልጋዎቹን በሙሉ አየሁ። የለም። ለነርሷ ስሙን ስነግራት አንገቷን ደፋች።

የሞተው እኔ ራሴን ሳላውቅ ነው። ተቀብሯል። የሺ ጥቁር ልብሷን በሹራብ ሸፍና ስትጠይቀኝ ከርማለች።

ከዚያ ወዲያ አልነሳም አልሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ከሆስፒታል ስወጣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ጠበቀኝ። ሴቶቹ ሙሾ አወረዱ። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትሁ። ትንፋሽ የለኝም። ሳል ጣለኝ። ባሌን አልቅሼ ልሸኘው እንኳ አልቻልሁም።

በማግስቱ የሺ ከፍራሹ ላይ ልታነሳኝ ስትል አክስታችን ከለከሏት።

«ሐዘንተኛ ግቢ ለግቢ ሲንጎራደድ የት አየሽ? ነውር ነው።»

«እትዬ፣ ሐኪም ያዘዘው ነው» አለች የሺ። «እሱን ቀበርን። እሷን አልቀብርም።»

እጇን ይዤ ተነሳሁ። ደጅ ስንወጣ «ይቅር አላልሁሽም» አልኋት።

«አትበይኝ። ብቻ ተራመጂ።»

ተራመድሁ። መጀመሪያ ግቢውን፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ በየመካከሉ እየቆምሁና ከንፈሬን አሹዬ እየተነፈስሁ፤ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በሁለት እጄ ማንሳትም ለመድሁና ቀስ በቀስ ወደ ስፌቴ ተመለስሁ። የአርባው ዕለት በባጃጅ የሄድሁበትን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት በኋላ ከየሺ ጋር በእግሬ ወጣሁት፤ ከመቃብሩም አጠገብ ተቀምጬ ስሙን ሙሉውን ጠራሁት። ዛሬም ዳገት ያደክመኛል። ሐኪሙ ሳንባዬ ላይ ጠባሳ እንደቀረ ነግሮኛል።

ፊቴን ባዞርሁበትም ጊዜ መምጣቱን ያላቆመውን ፊዚዮቴራፒስት አመሰግናለሁ። የሺንም አመሰግናለሁ፤ ስለ ዋሸችኝ ነገር ግን እስካሁን አንስተን አናውቅም። እንደኔ ለታመማችሁ የምመክረው፣ ሐኪም ተነሱ ሲላችሁ እንድትነሱ ነው፤ ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ቁሙና ተናገሩ። ለአስታማሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። ከበሽተኛችሁ ሞት ከደበቃችሁ፣ መራመድ ሳይጀምር ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣችሁ ንገሩት። ብቻውን በር ላይ ቆሞ እንዳይሰማው።