ፊቴን ወደ ግድግዳ

ቢቸና ውስጥ ታፔላ ስጽፍ ነው ያረጀሁት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሉን ግን እጄ ያውቀዋል። ፀጉር ቤት በሉት፣ ወፍጮ ቤት በሉት፣ የእኔ ብሩሽ ያልነካው በር ጥቂት ነው። እንዲያም ሆኖ ሰዓሊ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። "ታፔላ ጻፊው" ነኝ።

ባለፈው ዓመት የቢቸናና የሞጣ የሥዕል መምህራን ሞጣ ላይ ኤግዚቢሽን ለማሳየት ሲነሱ፣ ሎጎውን እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። በመጥሪያው ወረቀት፣ በቲሸርቱና በአዳራሹ በር ላይ የሚወጣው ምልክት ማለት ነው። ተናግረው ሳይጨርሱ እሺ አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ ከእነሱ እንደ አንዱ ልቆጠር ነው ብዬ ነዋ።

ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ያላስገባሁት ነገር የለም፦ ብሩሽ፣ የጤፍ ዛላ፣ ሞሰብ፣ የዓባይ ድልድይ፣ በሬ፣ ከኋላ ደግሞ የምትወጣ ፀሐይ። ጠቅልዬ በአውቶቡስ ሞጣ ይዤው ሄድኩ።

አምስቱ መምህራን በሞጣው ትምህርት ቤት ሥዕል ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ሳሉ ደረስኩ። ልማዳቸው የአንዱን ሥራ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ሌሎቹ የታያቸውን ሳይሸሽጉ መናገር ነው። ስገባ የአንድ ዝምተኛ መምህር ሥዕል ተሰቅሎ ነበር።

"ይቺ ላም ናት ወይስ ሶፋ?" ይሉታል። እሱም እየሳቀ ይጽፋል።

የእኔ ተራ ደረሰና ሰቀልኩት። ሁሉም ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"በጣም ያምራል አባባ!"

"እጅዎ ይባረክ! ምንም አይወጣለትም።"

አንዱ ወንበር አቀረበልኝ፤ ሌላው ሻይ ይምጣላቸው አለ። ደስ አለኝ፤ ግን ወዲያው ከመካከላቸው ከሐዋሳ ተመድባ የመጣችውን መምህርት አየኋት። በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ አሳንሳ አየችው፣ ግንባሯን ቋጠረች። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከታ ፈገግ አለችልኝ። ላሟን ሶፋ ያሉ ሰዎች ለእኔ ሻይ አዘዙ።

"ልጆቼ፣ የእኔን ለምን አትናገሩም?"

"ኧረ አባባ፣ እርስዎን እንዴት ብለን!"

ክብራቸው ከልብ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያው ክብር ከደጅ አስቀምጦኛል። ጥቂት አሰብኩና ወንበሬን አዙሬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥኩ።

"እኔ ወጥቻለሁ" አልኳቸው። "ይሄን የሠራው አንድ የማታውቁት ሰውዬ ነው። በሉ እንግዲህ።"

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ የሐዋሳዋ መምህርት ድምፅ መጣ፦ "ሰውዬው የሞጣን ገበያ በሙሉ አንድ ቁና ውስጥ ከቶታል።"

አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያማ ማን ያቆማቸዋል!

"ሲያንስ በሬው ጉንዳን ነው የሚመስለው።"

"ድልድዩስ? በበሬው ጀርባ ላይ ነው እኮ የተሠራው!"

"ፀሐይዋ ይሄ ሁሉ ጨረር ምን ያደርግላታል? የሰውዬው እጅ አያርፍም እንዴ?"

ጆሮዬ ጋለ። ለበሬው ብቻ አራት ቀን ለፍቻለሁ። ልዞር አልኩና ተውኩት። በኋላ ያ የላሟ ባለቤት በቀስታ፣ "ብሩሹና ጤፉ ብቻ ቢቀሩስ? በብሩሹ ጠጉር ፈንታ የጤፉ ዛላ ቢወጣ" አለ።

መውጣቴን ረሳሁት። "እሱማ ጥሩ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"አባባ፣ እርስዎ እኮ የሉም!" ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ቢቸና ተመልሼ በሬውንም ድልድዩንም ተሰናበትኳቸው። በሳምንቱ ሞጣ ሄጄ አዲሱን ሰቀልኩና ማንም ሳይጠይቀኝ ፊቴን አዞርኩ።

"ሰውዬው ተሻሽሏል" አለች የሐዋሳዋ። "ዛላው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። የደረሰ ጤፍ እንዲህ ይቆማል እንዴ?"

ከሐዋሳ መጥታ የቢቸናን ሰው ጤፍ ታስተምረው! እውነቷን ነው ግን። እርሳስ ተቀብዬ እዚያው ጎንበስ አደረግሁት። በአዳራሹ በር ላይ የወጣውም እሱ ነው።

እኔ ግን ከበሩ ይልቅ የማስታውሰው ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው የሆነውን ነው። የሐዋሳዋ መምህርት የራሷን ሥዕል ልታሳየኝ ጠራችኝ፤ ገበያ የምትሄድ ሴት፣ ቅርጫት የያዘች። "ይዩልኝ" አለችና ወንበር ጎትታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

"እኔ ወጥቻለሁ።"

ረጅም ጊዜ አየሁት። ያምራል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

"ልጅቷ ጎበዝ ናት" አልኩ። "የገበያተኛዋ እጅ ግን ሸክም ይዞ አያውቅም።"

ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ።

"በሉ ብሩሼን ያቀብሉኝ።"