አርባ አንድ ጊዜ እሺ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለውን ተረት የፈለሰፈው ሰው ዕዳ አልነበረበትም። ቢኖርበት ኖሮ ሺህ ሺህ መሆኑን፣ እሺም ባዶ ኪስ መሆኑን አውቆ አፉን ይይዝ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ተረቱን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ማን ምን ቢለው መልሱ አንድ ነው። ደንበኛ «ሱሪውን አሳጥርልኝ» ሲለው እሺ፤ ያው ደንበኛ በማግስቱ «ማን አሳጥር አለህ?» ሲለውም እሺ። ጎረቤቶቹ ስሙን ትተው «እሺታ» ይሉት ነበር። እሱም እሺታ ብለው ሲጠሩት «እሺ» እያለ ይዞራል።

እንዲህ ላለ ሰው ዓለም ምንጊዜም አንድ ነገር አታጣለትም፤ የሌላ ሰው ሸክም። ከሁለት ዓመት በፊት የሰፈሩ ትምህርት ቤት የተማሪ ደንብ ልብስ እንዲሰፋ አዘዘው። ከጨርቅ ነጋዴው ዘጠኝ መቶ ሜትር ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ በዱቤ ወሰደ። ውላቸው አጭር ነበር፤ ነጋዴው «በስድስት ወር ትከፍለኛለህ» አለ፣ እሱ «እሺ» አለ፣ ተለያዩ። ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ደግሞ ተበድሮ ሦስት የስፌት መኪና ገዛ። አንዱ ቀጥታ ይሰፋል፣ አንዱ ጠርዝ ይቆላልፋል፣ አንዱ የቁልፍ ቀዳዳ ይሠራል። ድርጅቱ በሩ ላይ «የሕዝብ አለኝታ» ብሎ የጻፈ ስለሆነ ሦስቱንም መኪናዎች በመያዣነት አስፈረመው። አለኝታነት እንዲያ ነው፤ ቀድሞ ይይዛል።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተሰበሰበና ሰማያዊ ቀለም አእምሮ እንደሚከፍት ደረሰበት። የማንን አእምሮ እንደከፈተ እስከ ዛሬ የታወቀ ነገር የለም። አረንጓዴው ቀረ። ዘጠኝ መቶ ሜትሩ በጥቅል በጥቅሉ የሰፊው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። የቤት ኪራይ ሲጎድል የሚስቱ ወንድም አበደረ። እንዲህ እንዲህ እያለ አበዳሪዎቹ ሦስት ሆኑ።

ባለዕዳንና አበዳሪን የሚያስታርቀውን የማስማሚያ ቢሮ ያገኘችው ሚስቱ ናት። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰባት ቁጥር፤ አንድ እግሯ ያጠረ ወንበር አለች፣ ከሥሯ የታጠፈ ቅጽ ተደርጎላታል። መነጽሯን በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታስቀምጥ አስማሚ ሦስት ቀን ደምራ፣ ቀንሳ፣ አንድ ረቂቅ አወጣች። ሰፊው ሁሉንም አበዳሪዎች በየድርሻቸው በሠላሳ ስድስት ወር ይከፍላል፣ መኪናዎቹ ከቤቱ አይወጡም። ስምምነቱ የሚጸናው ግን ሦስቱም ሲፈርሙ ነው።

«እስከ ፊርማው ቀን ለማንም ለብቻው ቃል እንዳይገቡ፣ ሳንቲም እንዳይሰጡ» አለችው። «ለአንዱ ካደሉ ሌሎቹ ረቂቁን ጥለው ይሄዳሉ። እሱ ከፈረሰ ድርጅቱ መኪናዎቹን ጭኖ ነው የሚሄደው። ገባዎት?»

«እሺ።»

«እሺ ሳይሆን፣ ገባዎት ወይ ነው ያልኩዎት።»

«እሺ፣ ገባኝ።»

ሚስቱ ጣሪያውን አየች።

አስማሚዋ ይህን ሰው በአንድ ቀን አወቀችው መሰለኝ፣ ከአበዳሪው ድርጅት ስልክ ሲደወልለት የሚያነበውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው፤ «ስለደወሉ አመሰግናለሁ። ጉዳዬ በማስማሚያ ቢሮ ተይዟል። የመዝገብ ቁጥሩ ይህ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።» ሚስቱ ወረቀቱን በአራት መርፌ ቁልፍ ከመኪናው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ቸነከረችው።

ስልኩን ራሷ ብታነሳው ነገሩ ባለቀ። ሞክራም ነበር።

«ተበዳሪው እርስዎ ነዎት?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ የደንበኛችንን ምስጢር ለሦስተኛ ወገን አንናገርም።»

ይህንኑ ምስጢር ለሥጋ ሻጩ፣ ለሰፈሩ ጥበቃና ለባሏ የክርስትና ልጅ በየተራ ደውለው ከነገሩ በኋላ መሆኑ ነው።

የድርጅቱ ደዋይ ድምፁ ማር የጠገበ ጎረምሳ ነበር። «አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ» አለችው ሚስቱ በመጀመሪያው ቀን፤ ከዚያ በኋላ ለማሳጠር አፈ ቅቤ ብቻ ሆነ። በቀን ስድስት ጊዜ ይደውላል፤ ስድስቱንም ጊዜ ሰላምታውን ከሥሩ ይጀምራል።

«አባቴ! እንዴት አረፈዱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

«እሺ፣ ደህና።»

«ድምፅዎን ስሰማ ወላጅ አባቴ ትዝ ይለኛል። እና አባቴ፣ ወለዱ እያደገ ነው እኮ።»

«እሺ።»

ሚስቱ በእንጨቱ ሜትር ጎኑን ወጋ አደረገችውና ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ሰፊው መነጽሩን ፈለገ፣ አደረገ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ተንጠራርቶ ማንበብ ጀመረ፤ «ስለደወሉ አመሰግናለሁ። ጉዳዬ በማስማሚያ—»

«አውቃለሁ አባቴ፣ እሱን ይተዉት። የቢሮ ነገር ለባዕድ ነው። እኛ የምናወራው እንደ አባትና ልጅ።»

«እሺ።»

ሜትሩ እንደገና ጎኑን ነካው። እሱም መርፌ የጠቀጠቀው ያህል ዘለለ እንጂ አፉ ልማዱን አልተወም። አስራ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ምን ቃል ገባህለት?» አለች ሚስቱ።

«ምንም።»

«አንተ ሰውዬ፣ እሺ እሺ ስትለው አልነበር እንዴ!»

«እሱማ እየሰማሁህ ነው ለማለት ነው። ሰው እያወራ ዝም ይባላል? መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል።»

«ይምሰለው! ይቋረጥ!»

«ነውር ነው፣ አንቺዬ።»

ነውርን የሚያውቀው ባለዕዳው ብቻ በሆነበት አገር ማበደር ጥሩ ሥራ ነው።

የፊርማው ቀን ረቡዕ ጧት ነበር። ሰባት ቁጥር ክፍል ሞላች። የሚስቱ ወንድም «እህቴን አይቼ እንጂ» ብሎ ፈርሞ፣ ያንኑ ደግሞ ብሎ፣ ወደ ሥራው ሄደ። የቀሩት ሁለት ናቸው። ጨርቅ ነጋዴው ሆዱን በወንበሩና በጠረጴዛው መካከል በዘዴ አስገብቶ ተቀምጧል። የድርጅቱ ተወካይ ክራቫቱ ከቀበቶው በታች የወረደ ቀጭን ሰው ነው። ነጋዴው እስክሪብቶውን ሲያነሳ ተወካዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከመፈረማችን በፊት አንድ ነገር ልናሰማ። ደንበኛችን ለእኛ የተለየ ቃል ገብተዋል።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገና ነካው። የአፈ ቅቤ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ «እስከ ዓርብ ስድስት ሺህ ለእኛ ብቻ አስቀድመው ያስገባሉ፣ አይደል አባቴ?» ቀጥሎ የሰፊው ድምፅ፤ «እሺ።» አለቀ።

ድርጅቱ ለስድስት ሺህ ብሎ አልነበረም። ከቀረው ዕዳ ይልቅ ሦስቱ መኪናዎች ይበልጣሉ፤ ረቂቁ ሲፈርስ አትራፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

ነጋዴው እስክሪብቶውን ወርውሮ ተነሳ፤ ወንበሩም ከሆዱ ጋር አብሮት ተነሳ። «እንዲህ ነው ለካ! እኔ ሠላሳ ስድስት ወር ልጠብቅ፣ ለእነሱ እስከ ዓርብ! አንተ፣ እንዲህ ነህ?»

ሰፊው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሚስቱ ምን እንደሚል ስለምታውቅ ቀደመችው።

«ሙሉውን ያሰሙን።»

«ሙሉው አያስፈልግም፣ እመቤት። ዋናው ይህ ነው።»

«ባሌ ሠላሳ ዓመት ሲሰፋ እጅጌ ብቻ ለክቶ ኮት አስረክቦ አያውቅም። ሙሉውን!»

አስማሚዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች። «ሙሉውን ካላሰማችሁ ይህንንም አልሰማሁትም። ስልክዎ ላይ ከሌለ ያስልኩ።»

ተወካዩ ደወለ። ሙሉው ተላከ። ሰምቶት እንደማያውቅ ያስታወቀው በድፍረት መክፈቱ ነው። አስማሚዋ ወረቀት አቀረበችና እሺ በተባለ ቁጥር አንድ ጭረት ትጭር ጀመር።

አፈ ቅቤ ስለ ጤና ጠየቀ፤ እሺ። ወለዱ እያደገ ነው አለ፤ እሺ። «ቆይ አባቴ፣ ሻይዬ እየቀዘቀዘ ነው፣ አንዴ ፉት ልበል» አለ፤ እሺ። ፉት ሲል ይሰማል። «ሰው ተበድሮ ካልከፈለ ምን ይባላል? ሌባ አይባልም?» አለ፤ እሺ። ነጋዴው ቆሞ እየሰማ ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማና አፈ ቅቤ ቀጠለ፤ «ለታክሲዎ የወሰዱት የአራት ጎማ ብድርም እንዳለ አይርሱ።»

«እሺ» አለ የሰፊው ድምፅ።

«የምን ታክሲ?» አለች አስማሚዋ።

ሁሉም ወደ ሰፊው ዞረ።

«መንዳት አልችልም» አለ ሰፊው።

ተወካዩ የራሱን ክራቫት ተመለከተ። የሌላ ሰው ፋይል እንደነበር ግልጽ ነው። የድምፅ ቅጂው እስኪያልቅ ነጋዴው በአፍንጫው ሳቀ። አስማሚዋ ጭረቶቹን ቆጠረች፤ አርባ አንድ።

«እሺ ማለት ተስማማሁ ማለት ከሆነ፣ እኚህ ሰው ሌባ ናቸው፣ ታክሲም አላቸው» አለች። ከዚያም እየተናገረች ጻፈች፤ «በዚህ መዝገብ ውስጥ ‹እሺ› የሚለው ቃል፣ እየሰማሁ ነው ማለት እንጂ፣ ቃል ኪዳን ተብሎ አይቆጠርም።»

መንግሥትም ሆነ መዝገበ ቃላት ያልደፈረውን ነገር አንዲት የቢሮ ሠራተኛ በአንድ መስመር ጨረሰችው። ሚስትየው ተነፈሰች። ግን ቸኩላ ነበር።

«መልካም» አለ ተወካዩ፣ ፊቱ ላይ ደም እየተመለሰ። «እሺ ቃል ካልሆነ፣ እንግዲህ ነጋዴው አበዳሪ የሆኑት በምንድነው? ውል አላቸው? ደረሰኝ አላቸው? ‹እሺ› ብቻ አይደለም እንዴ?»

ነጋዴው የሚቀመጥበትን ወንበር በእጁ ፈለገ፣ አጣው። እውነት ነው። ወረቀት አልነበረውም። ዘጠኝ መቶ ሜትር ጨርቅ በአንድ እሺ ነው የሸጠው፤ ያቺ እሺ ደግሞ አሁን ዓይኑ እያየ ሞት ተፈርዶባታል።

ሚስትየው የቤት አስተዳዳሪ ናት፣ ሒሳቡን ከአስማሚዋ ቀድማ ጨረሰችው። የነጋዴው ድርሻ ከዕዳው ግማሽ ይበልጣል። እሱ ከወጣ ሠላሳ ስድስቱ ወር አስራ ስድስት ይሆናል። መኪናዎቹም ይተርፋሉ፣ የቤት ኪራዩም። በጠረጴዛው ሥር የባሏን እግር ረገጠች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ተናገር እያለች ስትረግጠው ኖራለች፤ ዛሬ ግን ዝም በል ነበር።

«በወረቀት ያልተደገፈ ዕዳ መካድ መብትዎ ነው» አለች አስማሚዋ። «አላውቀውም ካሉ ከረቂቁ አወጣዋለሁ። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

ነጋዴው ወደ ሰፊው ዞረ። «አንተ ሰው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰልሎ፣ «ተናገር እንጂ።»

ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ማለት ብቻ ነበረበት። በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ብልህ ሰው አልጠፋም ነበር፤ ተወካዩ ብልህ ነው፣ ነጋዴውም ዱሮ ብልህ ነበር። ሰፊው የተረገጠውን እግሩን ቀስ ብሎ አወጣ።

«ጋሼ፣ ጨርቁን ወስጃለሁ። ዘጠኝ መቶ ሜትር ነው። አለብኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች አስማሚዋ። «አንዴ ከጻፍኩት አይፋቅም።»

«አለብኝ አልኩ እኮ!»

ጮኾ ነበር። ከጮኸ በኋላ ማን እንደጮኸ ለማየት ያህል ዙሪያውን አየ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና አስራ ስድስቱን ወር እንደገና ሠላሳ ስድስት አደረገችው።

ነጋዴው ወንበሩን አገኘው። አመስጋኝ ሰው አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም፤ ምስጋናውን እንደ ጨርቅ በሜትር ነው የሚሸጠው። አስራ አንዱንም ገጽ አንብቦ በስሙ ላይ አንድ ፊደል መጉደሉን አገኘና እንዲስተካከል ጠየቀ። ማተሚያው ተበላሸ። አርባ ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ ፈረመ። ተወካዩ ኮሪደር ወጥቶ ለአለቃው ደወለ፤ ያለ ምክንያት እምቢ ያለ አበዳሪ ፍርድ ቤት እንደሚላክ፣ ፍርድ ቤትም ቅጂውን እንደሚያዳምጥ ተረድቶ ተመለሰና እሱም ፈረመ። ማኅተሙ ወረደ። ሦስቱ መኪናዎች ከቤት አይወጡም።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ነጋዴው ከፊት ነበር። ሰፊው ከኋላው እየወረደ ሠላሳ ዓመት የለመደው ዓይኑ የነጋዴው ብብት ሥር አረፈ።

«ጋሼ፣ ኮትዎ ብብቱ ጋ ተተርትሯል። ይላኩልኝ፣ እሰፋዋለሁ።»

ነጋዴው ክንዱን አንስቶ አየ። «በስንት? ከዕዳው ላይ ይታሰብ?»

ሰፊው አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ በመካከላቸው አለፈች።

«ከዕዳው ላይ ማሰብ ለብቻ መክፈል ነው፣ በፈረሙት ስምምነት ተከልክሏል» አለች። «ኮቱን ሲልኩ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ያድርጉት።»