ሦስቱ ብልቃጦች

ልብስ ሰፊዋ እጇ ወርቅ ነበር። ሰፈሩ «ዘምዛሚዋ» ይላታል፤ የቀሚስ ጠርዝ በእጇ ስትዘመዝም ክሩ የት ገብቶ የት እንደወጣ አይታይማ! ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች መርፌ ነው።

አምና ድካም ያዛት። የስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች ታንቀላፋለች። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ ቫይታሚን አንሷል አለና የሦስት ወር ክኒን አዘዘላት። እውነቱን ለመናገር ክኒኑ ሠርቷል። ፊቷ ተመለሰ፣ ደረጃውንም ሳታርፍ መውጣት ቻለች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

ልጆቿ ግን የእናታቸውን መዳን አዩና በቫይታሚን ፍቅር ወደቁ። ትልቋ ለነርቭ ጥሩ ነው ብላ አንድ ብልቃጥ አመጣች። መካከለኛው ለጉልበት የሚሆነውን ይዞ መጣ። ትንሹ ደግሞ ከማን አንሼ ብሎ ከሁሉም ትልቁን ብልቃጥ ተሸክሞ ከተፍ። እሷስ ምን ታድርግ? የአንዱን ወስዳ የሌላውን ብትተው ቅር የሚለው ይኖራላ! ጠዋት ጠዋት ሦስቱንም ትውጣለች። የብልቃጦቹን ጀርባ ያነበበ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ወራት አለፉና የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዝ ጀመር። መርፌው ከእጇ ያመልጣል። ትልቋን ብታማክራት የነርቩን ክኒን ሁለት ሁለት አድርጊው አለቻት፤ አደረገች፤ ይባስ ብሎ መዳፏም ደነዘዘ። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ እየዘመዘመች ሳለ ለልክ የመጣችው ሙሽራ ደንግጣ ጮኸች። ነጩ ጨርቅ ደም ጠጥቷል። መርፌው ጣቷ ውስጥ ተሰክቶ እሷ አላወቀችም።

ሐኪሙ ብልቃጦቹን አስመጥቶ አንድ በአንድ አነበበ። ሦስቱም ውስጥ ቢ ስድስት የሚባለው ቫይታሚን አለ፣ በአንዱማ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ። ሲያንስም ነርቭ ይጎዳል፣ ለወራት ከልክ ሲያልፍም ይጎዳል አላት።

«ዛሬውኑ ያቁሙ፣ እናቴ።»

«ጣቴ ይመለሳል?»

«ብዙ ሰው እያደር ይሻለዋል። የእርስዎ ግን ምን ያህል እንደሚመለስ አላውቅም። ከመጠበቅ በቀር የምሰጥዎት መድኃኒት የለኝም።»

ይኸው ክኒኑን ካቆመች አምስተኛ ወሯ ነው። የሙሽራዋን ቀሚስ ሌላ ሰፊ ጨረሰው። ደንበኞቿ አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ፤ ማንን ትቆጣ? ለልጆቿ ድንዛዜው ተሽሎኛል፣ ስፌቱን የተውኩት ዓይኔ ደክሞ ነው አለቻቸው። በእናንተ ስጦታ ነው እጄን ያጣሁት ብሎ ለመናገር አንጀቷ እሺ አላለም። ብልቃጦቹን ቁምሳጥን ውስጥ ሸሸገቻቸው።

እሁድ ትንሹ መጣ። አጠገቧ ተቀምጦ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ማሻሸት ጀመረ።

«እማ፣ ቫይታሚኑን እየወሰድሽ ነው አይደል?»

«እየወሰድኩ ነው።»

«ታዲያ አሁን ስነካሽ ይሰማሻል?»

እንባዋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መንገደኛውን እያየች እንባዋ እስኪደርቅ ጠበቀች።

«ይሰማኛል፣ የእኔ ጌታ» አለች።

ዞር ስትል ልጁ እጇን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ሊሄድ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።