የማን እንሰት ነው?

ሆሳዕና አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ከሞርሲቶ አካባቢ የመጡ አንድ አባት ነበሩን። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጅም የላቸውም። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ቆስሎ አልሽር ስላለ የኢንሱሊን መርፌው አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ ተብሏል። ቁስሉን ባጠብኩላቸው ቁጥር፣ "እግሬ ይዳን እንጂ ቤቴ እገባለሁ" ይሉኛል።

መርፌውን በነፃ የሚያገኙት መክፈል ለማይችሉ በሚሰጠው የጤና መድን ካርድ ነው። ካርዱ ሊታደስ ሲል የቀበሌያቸው ኮሚቴ ቤታቸውን ሄዶ አየ። ቤቱ ተዘግቷል፤ የጓሮው እንሰት ግን ተኮትኩቶ፣ ፍግ ጠጥቶ ለምልሟል። "ይሄ ሁሉ እንሰት ያለው ሰው ምኑ ነው ችግረኛ?" ብለው ካርዱን አናድስም አሉ። እኔ ደግሞ ቶሎ ነው የምቆጣው፤ ቅጠል አይቶ ሰው መመዘን ምን ይሉታል?

የሳቸው እንሰት ባለቤታቸው ሲታመሙና ሲሞቱ አልቋል። አሁን ያለውን የተከሉት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እዚያ አገር ጓሮው ባዶ የሆነ ቤት ባለቤቱ እንደሞተ ነው የሚቆጠረው፤ ጎረቤቶቹ የተከሉት እሳቸው እንደሞተ ሰው እንዳይቆጠሩ ብለው ነው።

"አባባ፣ የኔ አይደለም ይበሉና ይገላገሉ" ብዬ ለመንኳቸው።

"የኔ አይደለም ካልኩ ወዴት ነው የምመለሰው ልጄ?" አሉኝ።

ኮሚቴው ጉዳዩን ዳግም ሊያይ ቤታቸው ደጅ ሲቀመጥ ይዣቸው ሄድኩ። ጓሮው ዳር ቆመው እንሰቱ የማን እንደሆነ ተጠየቁ። "የኔ ነው" አሉ። ያን ጊዜ የጎረቤቶቹ ታላቅ ተነሱ። ወደሳቸው ሳያዩ፣ "የኛ ነው። እኛ ነን የተከልነው። እሳቸው እዚህ ምንም የላቸውም" አሉና ተቀመጡ። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው መሰከሩ።

ካርዱ ታደሰ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው እውነት ነው" አልኳቸው። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ኋላ የሚቀረውን መንገድ ያያሉ።

መርፌው ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ደረቀ። ቤቴ እገባለሁ የሚለውን ግን ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ፋሻውን ለመጨረሻ ጊዜ የፈታሁ ዕለት ነገሩን ያነሳሁት እኔው ነኝ።

"አባባ፣ እግርዎ ድኗል። እንግዲህ ቤትዎ መቼ ነው የሚገቡት?"

ጎንበስ ብለው ካልሲያቸውን እየሳቡ፣ "የማን ቤት ልጄ?" አሉኝ።